መኪናው የት ያድራል? ጃፓኖች ጠባብ መንገዳቸውን ለእግረኛ ያቆዩበት ታሪክ



ድሮ በቅሎ ሊገዛ ያሰበ ሰው ገበያ ከመውረዱ በፊት ጋጣውን ያዘጋጅ ነበር። ጋጣ ሳይኖረው በቅሎ ገዝቶ ማታ ማታ ጎረቤቱ ደጃፍ ላይ ቢያስራት፣ ጎረቤቱ ዝም የሚለው አይመስለኝም። በመኪና ዘመን ነገሩ ተገለበጠ። ሰውየው ገንዘብ ያጠራቅማል፤ የጎደለውን ከዘመድ ይበደራል፤ መኪናውን ይገዛል። የት እንደሚያሳድረው ማሰብ የሚጀምረው ሊብሬው በስሙ ከዞረ በኋላ ነው። ግቢው ካልበቃው መንገድ ዳር ያሳድረዋል። መንገድ ዳር የሚባለው ደግሞ እግረኛ የሚሄድበት ቦታ ነው።

ይህን ጉዳይ በዕድር መጽሔት ማንሣቴ ለአንዳንዶቻችሁ እንግዳ ሊመስል ይችላል። ነገር ግን መንገድን እንደ ዕድር ሰው የሚያውቅ የለም። ድንኳን የምንተክለው መንገድ ላይ ነው፤ አስከሬን የምናወጣው በመንገድ ነው፤ ጡሩምባ ነፊው በሌሊት የሚዞረው በመንገድ ነው። ለድንኳን ቦታ ለማስለቀቅ «ይቺ መኪና የማናት?» እያለ በየደጁ ያላንኳኳ የዕድር ዳኛ መቼም አይገኝም። ይኸ እንኳ ቀላሉ ነው። ግራና ቀኙን መኪና ሲይዘው ሽማግሌው ከዘራውን ተደግፎ፣ እናት ልጇን አዝላ፣ ተማሪው ቦርሳውን አንጠልጥሎ መሐል አስፋልት ይወጣሉ። በአዲስ አበባ በመኪና አደጋ ከሚሞቱት ሰዎች አብዛኛዎቹ እግረኞች ናቸው። ቀባሪዎቻቸው እኛው ነን።

ታሪኩን ከጃፓን ያመጣሁት ያለ ምክንያት አይደለም። ሰፈራችን ውስጥ ቆመው የምናያቸው ኮሮላዎችና ቪትዞች የዚያ አገር ልጆች ናቸው። ከዚህም ሌላ ጃፓኖች ስለ መኪና ማሳደሪያ ሕግ ያወጡት ከጦርነት ፍርስራሽ ወጥተው ገና ጎጇቸውን በማቅናት ላይ ሳሉ ነው። ስለዚህ «እነሱማ ሀብታሞች ናቸው» የምንላት የተለመደች መልስ እዚህ ላይ አትሠራም። (በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ያሉት ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ዋና ከተማቸው ቶኪዮ በ1945 በቦምብ ጋየች። እንደገና ስትሠራ ሰፋፊ መንገዶች እንዲወጡላት ታስቦ ነበር፤ ግን ገንዘቡም ጊዜውም አልነበረምና ሕዝቡ አብዛኛውን ቤት በድሮው ጠባብ መንገድ ግራና ቀኝ መልሶ ሠራው። በ1962 መጀመሪያ ላይ የነዋሪው ቁጥር ከ10 ሚሊዮን አለፈ። መንገዶቹ ግን ለእግርና ለእጅ ጋሪ የተበጁ ነበሩ። በ1950 የወጣው የሕንፃ ሕግ፣ ቤት የሚሠራ ሰው ቢያንስ 4 ሜትር ስፋት ባለው መንገድ ላይ እንዲሠራ አዘዘ። መንገዱ ከዚያ የጠበበ ከሆነ ደግሞ አሮጌ ቤቱን አፍርሶ በሚሠራበት ጊዜ ከመንገዱ መሐል 2 ሜትር ለቅቆ ወደ ውስጥ እንዲገባ አስገደደው። አራት ሜትር መንገድ ሁለት መኪና እንኳ እንደ ልብ አያስተላልፍም። ለእግረኛ ተብሎ የተለየ ጠርዝ የለውም። ልጆች ይጫወቱበታል፣ ሴቶች ቆመው ያወጉበታል፣ አሮጊቶች አበባ የተከሉበትን ሸክላ ደጃፋቸው ላይ ይደረድሩበታል። የእኛን የውስጥ ለውስጥ መንገድ የሚያውቅ ሰው ይህን በዓይነ ልቦናው ለማየት አይቸግረውም።

በዚህ መንገድ ላይ መኪና መጣ። በ1958 ሱባሩ 360 የምትባለው ትንሽ መኪና ወጣች። በ1966 ኮሮላ ተከተለች። ጃፓኖች ከእንግሊዝኛ ተውሰው የግል መኪናን «ማይ ካር» ይሉት ጀመር፤ «መኪናዬ» እንደ ማለት ነው። መኪናዬ የሚለው ሰው በየጊዜው በዛ፤ ማሳደሪያ ያለው ግን የዚያን ያህል አልበዛም። ስለዚህ መኪናው ሁሉ ማታ ማታ መንገድ ላይ ይተኛል። ለዚህም ነገር ስም አወጡለት፤ «ሰማያዊ ሰማይ ሥር ማቆም» አሉት። ጣሪያው ሰማይ፣ ወለሉ የሕዝብ መንገድ፣ ኪራዩ ባዶ የሆነ ጋራዥ ማለታቸው ነው።

ውጤቱ ከባድ ሆነ። በ1959 በመኪና አደጋ የሞተው ሰው ቁጥር ከ10 ሺህ አለፈ። በ1970 ደግሞ 16,765 ደረሰ። ከእነዚህም ከሦስቱ አንዱ ያህል እግረኛ ነበር። ጋዜጦቻቸው «የትራፊክ ጦርነት» ብለው ጠሩት፤ ይህንንም ለማጋነን ያሉት አይደለም። በ1894 እና በ1895 ከቻይና ጋር ባደረጉት ጦርነት የሞተባቸው ወታደር ወደ 17 ሺህ ይጠጋል፤ ያም በሁለት ዓመት ነው። አሁን ያንን ያህል ሰው በሰላም አገር፣ በአንድ ዓመት፣ በየደጃፉ አለቀ።

በ1959 ቶኪዮ ውስጥ «አረንጓዴዎቹ አክስቶች» የሚባሉ ሴቶች በየትምህርት ቤቱ አቅራቢያ ቆመው ልጆችን መንገድ ማሻገር ጀመሩ። ልብሳቸው አረንጓዴ ስለሆነ ነው እንዲህ የተባሉት። ሥራው የተፈጠረው ለሕፃናቱ ደኅንነት ብቻ አልነበረም፤ ባሎቻቸው የሞቱባቸው ችግረኛ ሴቶች መተዳደሪያ እንዲያገኙም ታስቦ ነው። ይህን ሳነብ የዕድር ሰው ያሰበው ሐሳብ ነው የመሰለኝ።

ሕጉ የወጣው በ1962 ነው። ፍሬ ነገሩ አጭር ነው፦ ማሳደሪያ ቦታ የሌለው ሰው መኪና በስሙ አያስመዘግብም፤ የሕዝብ መንገድ ደግሞ ማሳደሪያ ሆኖ አይቆጠርም።

አሠራሩን ትንሽ ዘርዘር ላድርገው። እንበልና አቶ እገሌ መኪና ሊገዛ ነው። አስቀድሞ የማቆሚያው ቦታ ወደሚገኝበት ቀበና ይሁን ጉለሌ፣ ማለቴ ወደዚያ ሰፈር ፖሊስ ጣቢያ ይሄዳል። ቤቱ የት እንዳለ፣ ማቆሚያው የት እንዳለ የሚያሳይ ንድፍ ያቀርባል። የቦታውን ርዝመትና ስፋት፣ የመግቢያውን መንገድ ስፋት ሳይቀር ይጽፋል። ቦታው የራሱ ከሆነ የራሱ መሆኑን ይገልጻል፤ የተከራየው ከሆነ ባለቦታው የፈቀደለትን ወረቀት ያያይዛል። ቦታው ከቤቱ መራቅ የለበትም። ወሰኑ መጀመሪያ 500 ሜትር ነበር፤ በኋላ እስከ 2 ኪሎ ሜትር ሰፋ። መኪናው ሙሉ በሙሉ ቦታው ውስጥ መግባት አለበት፤ አፍንጫው ወይም ጭራው ወደ መንገድ ብቅ ካለ አይሆንም። ፖሊስ ይህን አጣርቶ ምስክር ወረቀት ይሰጠዋል። ያለዚያ ወረቀት ታርጋ የለም። ወረቀቱን ካገኘ በኋላም ቢሆን መኪናውን መንገድ ላይ በአንድ ቦታ ከ12 ሰዓታት በላይ፣ በሌሊት ከሆነ ከ8 ሰዓታት በላይ ቢያቆም ይቀጣል።

የዚህ ሕግ ብልሃቱ፣ እኔ እንደሚገባኝ፣ ጥያቄውን የሚጠይቅበት ጊዜ ላይ ነው። ሰው መኪና ከገዛ በኋላ «ከመንገድ አንሣ» ቢባል ይጣላል፤ «ታዲያ የት ልውሰደው?» ይላል፤ እውነቱንም ነው። ገንዘቡ ገና ኪሱ ውስጥ ሳለ «የት ታሳድረዋለህ?» ቢባል ግን ቁጭ ብሎ ያስባል። ወይ ቦታ ይፈልጋል፣ ወይ አነስ ያለች መኪና ይመርጣል፣ ወይ ጭራሹን ይተወዋል።

አሜሪካኖች ከዚያ በፊት ሌላ መንገድ ሞክረው ነበር። በ1935 ኦክላሆማ ሲቲ በምትባለው ከተማ ካርል ማጊ የተባለ የጋዜጣ ሰው ያሰበው ሳንቲም የሚጎርስ የማቆሚያ መቁጠሪያ በመንገድ ዳር ተተከለ። ለአንድ ሰዓት 5 ሳንቲም ነበር ዋጋው። ይህ ቀን ቀን ሱቅ ፊት ለፊት መኪናውን አቁሞ የሚጠፋውን ሰው ለማንቀሳቀስ ጠቅሟል። እኛም ዘንድ እንዲህ ያለው አለ፤ የእኛው መቁጠሪያ ግን ሰው ነው። ተደራጅተው ካርኒ ቆርጠው መስታወት ላይ የሚያስቀምጡትን ወጣቶች ማለቴ ነው። ሆኖም መቁጠሪያው የመንገዱን ዳር አከራየው እንጂ ለእግረኛ አልመለሰውም። ማታ ሁሉም ሲገባ ደግሞ ከናካቴው ሥራ የለውም።

ጃፓኖቹም ቢሆኑ ሕግ ባወጡ ማግስት አልተሳካላቸውም። ሕጉ መጀመሪያ የሚሠራው በትልልቆቹ ከተሞች ብቻ ነበር። ትንንሾቹ መኪናዎች ለረጅም ጊዜ ነጻ ተትተው ቆዩ። አንዳንዱም ብልጥ ነኝ ባይ ቦታ ርካሽ በሆነበት አውራጃ የሚኖር አስመስሎ መኪናውን እዚያ ያስመዘግብና ከተማ አምጥቶ መንገድ ላይ ያሳድረዋል። የሰው ልጅ መቼም በየአገሩ አንድ ነው! ይህን ቀዳዳ ለመድፈን ሕጉ በ1990 ተሻሽሎ በ1991 ሥራ ላይ ዋለ። በከተሞች ያሉት ትንንሾቹ መኪናዎችም ማሳደሪያቸውን እንዲያስታውቁ ተደረገ። ከዚህ ላይ ልብ በሉ፤ ከ1962 እስከ 1991 ድረስ ያለው ወደ 30 ዓመት ይሆናል። በአንድ ስብሰባ ውሳኔ ነገር ሁሉ እንዲስተካከል የምንጠብቅ ሰዎች ይህን ብናውቀው አይከፋም።

አንባቢ ይፍቀድልኝና ትንሽ ከመንገዱ ልውጣ። ይህ ሕግ በወጣ በሁለተኛው ዓመት፣ በኦክቶበር 21 ቀን 1964፣ የእኛው አበበ ቢቂላ በዚያችው ቶኪዮ መንገድ ላይ ሮጧል። ከብሔራዊው ስታዲየም ተነሥቶ ኮሹ ካይዶ በሚባለው ጥንታዊ ጎዳና እስከ ቾፉ ደርሶ ተመለሰና በ2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11 ሴኮንድ አሸነፈ። ያን ዕለት ጎዳናው ከመኪና ጸድቶ ግራና ቀኙን ሕዝብ ሞልቶት ነበር። እንዲያ የሮጡት እግሮች በ1969 አገሩ ውስጥ በደረሰበት የመኪና አደጋ መንቀሳቀስ ተሳናቸው። ራሱ ሲነዳው የነበረው ቮልስዋገን ነው የተገለበጠበት። በ1973 ዐረፈ። ነገሬ ስለ ማቆሚያ ነውና ወደዚያው ልመለስ።

በኦገስት 2 ቀን 1970፣ እሑድ ዕለት፣ ጊንዛን የመሳሰሉ የቶኪዮ ታላላቅ የገበያ መንገዶች ለመኪና ተዘግተው ለእግረኛ ተለቀቁ። ሕዝቡ «የእግረኛ ገነት» አለው። ወንበር ወጣ፣ ልጆች አስፋልት ላይ ተቀመጡ። በእኛም ከተማ በ2018 መጨረሻ «መንገድ ለሰው» ተብሎ በአንዳንድ እሑዶች የተጀመረው ከዚህ ዘር ነው። በ1974 ደግሞ ሂሮፉሚ ኡዛዋ የሚባሉ የቶኪዮ ዩኒቨርሲቲ የኢኮኖሚ ምሁር አንዲት ትንሽ መጽሐፍ ጻፉ። ከአሜሪካ ብዙ ዓመት ኖረው ሲመለሱ መኪና የእግረኛን ልብስ እየታከከ ሲያልፍ አይተው ደንግጠው ነበር። ባለመኪናው ሳይከፍል በሕዝብ ላይ የሚጥለውን ወጪ፣ ማለትም እግረኛ ሳይሳቀቅ የሚሄድበት መንገድ ለመሥራት የሚያስፈልገውን፣ ሲያሰሉት ለአንድ መኪና በዓመት ወደ 2 ሚሊዮን የን ሆነ። ስሌቱ ብዙ አከራከረ። ነገር ግን ሒሳቡን «መኪናው ስንት ጠቀመኝ?» ከሚለው ይልቅ «እግረኛውን ስንት አስከፈለው?» ብሎ መጀመር ይቻላል የሚለውን ሐሳብ ሕዝቡ ያዘው።

የቀኑ ነገር የተስተካከለው ዘግይቶ ነው። ከጁን 2006 ጀምሮ ከፖሊስ ሌላ የግል ድርጅት ሠራተኞች አረንጓዴ ዩኒፎርም ለብሰው ያለአግባብ የቆመውን መኪና ፎቶ ያነሡ ጀመር። ሾፌሩ ማን እንደሆነ ባይታወቅ ቅጣቱ ለባለቤቱ ይላካል። «አምስት ደቂቃ ብቻ ነው» የሚለው ምክንያት ቀረ። ዕቃ አድራሾች ተጨንቀው በየሰፈሩ በእጅ ጋሪ ማመላለስ ያዙ፤ ሌሎቹም መኪናው ውስጥ የሚቀመጥ ሁለተኛ ሰው ቀጠሩ።

የሟቾቹ ቁጥር ከ1970ው 16,765 ተነሥቶ በ1979 ወደ 8,466 ወረደ። ከዚያ መልሶ ወጣና በ1992 11,451 ሆነ፤ በ2024 ግን 2,663 ብቻ ነበር። ይህን ሁሉ የማሳደሪያው ሕግ አመጣው ብል እዋሻለሁ። የእግረኛ መንገድ ሠርተዋል፣ የብረት አጥር አቁመዋል፣ መብራት ተክለዋል፣ ሕክምናውም ተሻሽሏል። የሕጉ ድርሻ ግን በዓይን ይታያል። ዛሬ የቶኪዮን የውስጥ መንገድ የሚያይ ሰው፣ የእግረኛ ጠርዝ ሳይኖረው፣ መንገዱ ባዶ ስለሆነ ብቻ የስድስት ዓመት ልጅ ብቻውን ወደ ትምህርት ቤት ሲሄድበት ያገኛል።

አሁን ደግሞ የሚነሣውን ተቃውሞ ላንሣ። «ታዲያ መኪና የሀብታም ብቻ ይሁን ነው የምትለው?» የሚል ወንድም እንዳለ አውቃለሁ። ጥያቄው ትክክል ነው። ጃፓን ውስጥ ማቆሚያ ቦታ በወር ኪራይ ይያዛል፤ ቶኪዮ መሐል ላይ ኪራዩ ውድ ነው። ሕዝቡ የቻለው ባቡር ስላለው ነው። ባቡርና አውቶቡስ ሳይበቃ ያንን ሕግ እንዳለ አንሥቶ ማምጣት ጭካኔ ይሆናል። እኛ ዘንድ በ2015 የከተማ ባቡር ጀምሯል፤ ሆኖም ጠዋት የታክሲ ሰልፍ ላይ ቆሞ ያላረፈደ ሰው የለም። በመኪናው እንጀራውን የሚጋግረውም ብዙ ነው። ባለ ሚኒባሱን «ማሳደሪያ ከሌለህ ሽጠው» ልንለው አንችልም።

በከተማችን ሙከራ አልጠፋም። መርካቶ ውስጥና በወሎ ሰፈር መንገድ መኪና በብረት ፎቅ ላይ የሚደራረብበት ማቆሚያ ተሠርቷል። ከ2024 ወዲህ በኮሪደር ልማት በታደሱት ዋና ዋና መንገዶች ላይ ሰፋፊ የእግረኛ መንገድ ታይቷል። በሌላ በኩል ለመኪና ተብሎ የተፈቀደው የሕንፃ ምድር ቤት ሱቅ ወይም መጋዘን ሆኖ መኪናው ውጭ የሚያድርበት ሁኔታ ብዙ ነው። የሰፈር ውስጥ መንገድ ግን የማንም ፕላን ያልደረሰበት ነው። እሱን የምንተዳደርበት እኛው ነን።

አንድ ነገር ላሳያችሁ። ከጃፓን ያገለገለ ሆኖ የመጣ መኪና ስታዩ የኋላ መስታወቱን ልብ ብላችሁ ተመልከቱ። በአንዳንዱ ላይ በጃፓን ፊደል የተጻፈበት ትንሽ ክብ ምልክት ተለጥፎ ቀርቶ ይገኛል። ብዙ ሰው የፋብሪካ ምልክት ይመስለዋል። ያ ምልክት መኪናው ማሳደሪያ እንዳለው ፖሊስ የሰጠው ማረጋገጫ ነው። ከ1991 ጀምሮ ሲለጠፍ ቆይቶ በ2025 ቀርቷል፤ ምስክር ወረቀቱ ግን አሁንም ግዴታ ነው። እንግዲህ ያቺ መኪና እዚያ ሳለች ማደሪያዋ ተለክቶ የታወቀ ነበር። እኛ ዘንድ ስትመጣ የጠየቃት የለም።

የምንችለውን ስናስብ ሌሊቱን ከቀኑ ብንለይ ይቀለናል። ቀን እንግዳ ይመጣል፣ ዕቃ ይራገፋል፣ የታመመ ይወሰዳል፤ ይህ አይከለከልም። ሌሊት ግን የሚያድሩት መኪናዎች የራሳችን የአባሎች ናቸው፤ ቁጥራቸውም ይታወቃል። ጃፓን ውስጥ የቤተ መቅደስ ግቢዎች ሳይቀሩ ትርፍ ቦታቸውን ለሰፈሩ መኪና በወር ያከራያሉ። የእኛም ዕድር ድንኳኑን፣ አግዳሚውንና ድስቱን የሚያስቀምጥበት ግቢ አለው። በዚያ ግቢ ሌሊት ሌሊት የሚቆሙ ጥቂት መኪናዎች ቢኖሩ፣ ኪራዩም ለዕድሩ ካዝና ቢገባ፣ ቢያንስ ከመታጠፊያው እስከ ትምህርት ቤቱ በር ድረስ ያለው ዳር ለልጆቹ ይለቀቃል። ትርፍ ግቢ ያላቸው አባሎችም እንዲሁ ለጎረቤታቸው ቢያከራዩ የሚጎዳ የለም። በሚቀጥለው ጠቅላላ ጉባኤ ይህ ነጥብ በአጀንዳ እንዲያዝ ለኮሚቴው አመልክቻለሁ። መወሰን የሚገባው የኪራዩ ልክ፣ የበሩ ቁልፍ በማን እጅ እንደሚያድርና፣ ጡሩምባ በተነፋ ሌሊት ድንኳኑ እንዲወጣ ግቢው በስንት ደቂቃ ይለቀቅ የሚለው ነው።